የልጅ እጅና የሻይ ማንኪያ፦ ከቄራ ቀንድ እስከ ትምህርት ቤት ምገባ

አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃን መጀመሪያ የሚጨብጠው ማንኪያ ብዙውን ጊዜ ለሕፃን ተብሎ የተሠራ አይደለም። ስኳር የሚማሰልበት የሻይ ማንኪያ ነው። አፉ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ከልጅ አፍ ጋር ይመጣጠናል፤ እስከዚህ ድረስ የእናቶች ምርጫ ትክክል ነው። እጀታው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሦስት ጣት ጫፍ ተይዞ ብርጭቆ ውስጥ እንዲዞር ታስቦ የተሠራ ቀጭን ዘንግ፣ ጣቶቹን ለያይቶ ማዘዝ ያልቻለ የአንድ ዓመት ልጅ በሙሉ መዳፉ ሲጨብጠው ይዞርበታል፤ ገንፎውም አፍ ሳይደርስ ደረት ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማንኪያው ወደ እናት እጅ ይመለሳል።

«ለልጅ የሚመች ማንኪያ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ የሚነሱት ክርክሮች ግማሹ ከመደባለቅ የመጡ ናቸው። አዋቂ ይዞ የሚያጎርስበት ማንኪያ አንድ ነው፤ እጀታው ረጅም፣ አፉ ጠባብና ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል። ልጁ ራሱ የሚጨብጠው ሁለተኛ ነው፤ እሱ አጭርና ወፍራም እጀታ ይፈልጋል። አራትና አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ትምህርት ቤት የሚበላበት ሦስተኛ ነው፤ እዚያ ጣቶች ሥራ ጀምረዋል፤ ጥያቄው የመጠንና የክብደት ነው። ሻጭም ሆነ መካሪ ሦስቱን በአንድ ስም ሲጠራ፣ ለአንዱ የተገኘ ማስረጃ ለሌላው ይጠቀሳል።

ከማንኪያ በፊት

በአገራችን የልጅ የመጀመሪያ መመገቢያ የሰው እጅ ነው። ፍትፍት ለዚህ የተፈጠረ ምግብ ይመስላል፦ እንጀራው በወጥ ርሶ፣ በእናት ጣቶች ተድቦልቡሎ፣ ልክ በልጁ አፍ መጠን ይጎረሳል። የጉርሻን መጠን፣ ሙቀትና ልስላሴ ከጣት የተሻለ የሚለካ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም። በሌላ በኩል ደግሞ ያው እጅ ማጋቻም ሆኖ ኖሯል፤ መዳፍን አፍ ላይ ደግኖ አጥሚት ወይም ሙቅ በግድ ማፍሰስ አያቶቻችን የሚያውቁት፣ የጤና ባለሙያዎችም ለትንታ ያጋልጣል እያሉ ሲከለክሉት የኖሩት ልማድ ነው። ስለዚህ «ባህላዊው መንገድ» ሲባል የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ማንኪያም ቢሆን ባዕድ አልነበረም። የቀንድ፣ የእንጨትና የቅል ማንኪያ ለገንፎ፣ ለማርና ለመድኃኒት አገልግሏል። የብረት ማንኪያ ከሹካና ከቢላዋ ጋር እንደ ገበታ ሥርዓት የገባው ግን በቤተ መንግሥትና በሆቴል በኩል ነው፤ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከመግቢያ በሮቹ አንዱ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የጣሊያን ወረራ ደግሞ ፓስታና መኮሮኒን የከተማ ምግብ አድርጎ አለፈ። ሹካ ግን አብሮ በየቤቱ አልሰረጸም። ፓስታ በእንጀራ ተጠቅልሎ በእጅ የሚበላበት ከተማ ውስጥ የልጅ ሹካ ጉዳይ እስከ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ቢሆን አያስገርምም፤ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው ማንኪያ ላይ ነው።

በእጁ ይብላ ወይስ በማንኪያ?

የመጀመሪያው ወገን እጅን ያስቀድማል። ሕፃን ከዘጠኝ እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መቆንጠጥ ይጀምራል፤ ያ ችሎታ የሚዳብረው ምግብ እየነካ ነው ይላሉ። ይህን አቋም በዓለም ያስተጋቡት እንግሊዛዊቷ ጊል ራፕሊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ ልጅ ከስድስት ወሩ ጀምሮ ቁራሽ ምግብ በራሱ እጅ አንስቶ እንዲበላ መክረዋል። ትችቱ ወዲያው የመጣው በመታነቅ በኩል ነበር። ኒውዚላንድ ውስጥ በ206 እናቶችና ልጆቻቸው ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ወላጆች የትኛው ምግብ እንደሚያንቅ በደንብ ከተመከሩ የመታነቅ አደጋው በማንኪያ ከሚጎርሱት ልጆች እንዳልበለጠ አሳይቷል። በክብደትም ልዩነት አልተገኘም። ያ ምክር የሙከራው አካል እንደነበር ግን መዘንጋት የለበትም፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከጠረጴዛ በማይጠፋበት ቤት ውጤቱ በቀጥታ አይገለበጥም።

ሁለተኛው ወገን የጤናው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የአሜሪካ አህጉር ቢሮው እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት መመሪያ ሕፃናትን በቀጥታ መመገብን፣ ከፍ ያሉትን ደግሞ ራሳቸው ሲበሉ ማገዝን፣ በትዕግሥት፣ ያለማስገደድና ዓይን ለዓይን እየተያዩ ማብላትን ይመክራል። በኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ምክር ውስጥ ይህ ሐሳብ ጡጦ በኩባያና በማንኪያ ይተካ፣ ልጁም የራሱ ሳህን ይኑረው ወደሚል መልእክት ተለውጧል። የራሱ ሳህን የሚባለው ለንጽሕና ብቻ አይደለም። ከትሪ ላይ አብሮ የሚበላ ልጅ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም፤ ፈጣን እጅ ያላቸው ታላላቆች ድርሻውን ይወስዱበታል። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ካሉ ልጆች በዓይነትም በድግግሞሽም አነስተኛውን የአመጋገብ መስፈርት ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አስፍሯል። ይህ ቁጥር ከማንኪያ ይልቅ ስለ ድህነትና ስለ ምግብ ዓይነት የሚናገር ነው፤ ሆኖም ያለችው ጥቂት ምግብ ደረት ላይ ብትቀር ወይም አፍ ብትገባ ልዩነት አለው።

ሦስተኛው ድምፅ ከቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ይሰማል። የማሪያ ሞንቴሶሪ ተከታዮች ልጅ መጫወቻ መሰል ፕላስቲክ ሳይሆን እውነተኛ፣ ግን በእጁ ልክ ያነሰ የብረት ማንኪያ ይያዝ ይላሉ፤ የሚሰበርና የሚከብድ ነገር ጥንቃቄን ያስተምራል ብለው ያምናሉ። ይህ አቋም ከሙከራ ማስረጃ ይልቅ በረጅም የክፍል ልምድ ላይ የቆመ ነው።

እጅና ማንኪያን ጠላት አድርጎ ማቅረብ ለእኔ ከሌላ ገበታ የተዋሰ ክርክር ይመስለኛል። ፍትፍት በእጅ፣ አጥሚት በኩባያ፣ ገንፎና ቂንጬ በማንኪያ የሚበላበት ቤት ውስጥ መሣሪያውን የሚወስነው ምግቡ ነው።

መዳፉ ላይ የታየው

ስለ ሕፃናት የማንኪያ አያያዝ ከተጻፉት ጥናቶች ዛሬም የሚጠቀሰው ኬቪን ኮኖሊና ሜሪ ዳልግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ነው። ከ11 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናትን ሲበሉ በቪዲዮ እየቀረጹ ተከታተሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ማንኪያውን በብዙ ዓይነት መንገድ ይይዙት ነበር፤ ዕድሜያቸው ሲጨምር አንድ ሁለት የሚመርጧቸው አያያዞች ጸኑ። አብዛኛው አያያዝ የመዳፍ ነው፤ በጣት ጫፍ መያዝ ዘግይቶ ይመጣል። ዓይን፣ አፍና እጅ እርስ በርስ እየተጠባበቁ መሥራትን የሚማሩትም በዚሁ ጊዜ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ማካርቲና ባልደረቦቹ ቀለል ያለ ሙከራ አደረጉ። ምግብ የያዘ ማንኪያ በልጁ ፊት አስቀመጡ፤ እጀታው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ዞረ። የዘጠኝ ወር ልጅ እጀታው የትም ይዙር በሚቀናው እጅ ያነሳዋል፤ አንዳንዴም የእጀታውን ጫፍ አፉ ውስጥ ይከታል። የ14 ወር ልጅ ተሳስቶ ያነሳል፣ አፉ ሳይደርስ ግን ያርማል። የ19 ወር ልጅ ከማንሳቱ በፊት ትክክለኛውን እጅ ይመርጣል። ለቅርጽ ሠሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ከዓመት በታች ላለ ልጅ በየትኛውም ወገን ቢያዝ የማያሳፍር ማንኪያ ያስፈልጋል። ለአንድ ተኩል ዓመት ልጅ ግን ያ ጥንቃቄ ትርፍ ነው።

ሌላው ሒሳብ የፊዚክስ ነው። በመዳፍ የተጨበጠ ዘንግ እንዳይዞር የሚይዘው ሰበቃ ከዘንጉ ውፍረት ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ያው የልጅ ጉልበት ወፍራሙን እጀታ ጸጥ አድርጎ ይይዛል፤ ቀጭኑ ያመልጠዋል። ክብ እጀታ ከሞላላ ይልቅ ይዞራል። ከመዳፉ እስከ ማንኪያው አፍ ያለው ርቀት ሲረዝም ደግሞ የእጅ አንጓ ትንሽ ንቅናቄ ጫፉ ላይ ትልቅ ስህተት ትሆናለች። ወፍራም፣ ሞላላና አጭር የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው፤ ውድ መሣሪያም አይፈልግም።

ጎበጥ ብሎ ወደ አፍ የዞረ ማንኪያስ? ሐሳቡ የእጅ አንጓ መዞር ያልቻለውን እጀታው ይዙርለት ነው። ይሠራል፤ ግን ጎን ይመርጣል። ለቀኝ እጅ የተጎበጠ ማንኪያ ለግራ እጅ ጀርባውን ይሰጣል። በእኛ ቤት «በቀኝህ!» የሚባለው ገና ልጁ እጁን ወደ ምግብ ሲዘረጋ ነው፤ ለቀኝ የተጎበጠ ማንኪያ ይህን ልማድ ዝም ብሎ ያጸናል። ግራ እጁ የሚቀናውን ልጅ ግን ሁለት ጊዜ ይቀጣዋል፣ አንዴ በቃል አንዴ በዕቃ። የቀኝ እጅ ሥርዓት የማንኪያ ትምህርትን ያፋጥነው ወይስ ያዘግየው እንደሆነ ለመፍረድ፣ የነማካርቲን ሙከራ ግራ እጅ በምግብ በማይፈቀድበት ገበታ ላይ መድገም ያስፈልጋል።

ወፍራሙ እጀታ ከየት መጣ

ወፍራም እጀታ በልጆች አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሕክምና ማዕከል ሲሠራበት የኖረው የሥጋ ደዌ ተሀድሶ፣ ስሜት ላጣ ወይም ለታጠፈ እጅ የማንኪያና የመሣሪያ እጀታ ማወፈርን ከመደበኛ ዘዴዎቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥራል። ምክንያቱ ምቾት ብቻ አይደለም፤ ወፍራም እጀታ ጫናውን በመዳፉ ላይ ስለሚያሰራጨው የማይሰማ ቆዳ አይቆስልም። ዴቪድ ወርነር እ.ኤ.አ. በ1987 ለገጠር ተሀድሶ ሠራተኞች ባዘጋጁት ስለ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት የሚያወሳ መጽሐፍ፣ በቅርብ ከሚገኝ ዕቃ እጀታ ማወፈርን በሥዕል አሳይተዋል። አሮጌ የጎማ ቱቦ፣ የተጠቀለለ ጨርቅ፣ የተቦረቦረ እንጨት ሁሉ ያገለግላል። በንግዱ ዓለም ዝና ያገኘው የኦክሶ ወፍራም የጎማ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ የወጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሳም ፋርበር ያሰቡት ለባለቤታቸው የመገጣጠሚያ ሕመም ነበር።

ይህ የትውልድ ሐረግ አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ትቶ አልፏል። ለማይመለስ ጉዳት የተሠራ ዕቃ እያደገ ላለ እጅ በትክክል ይስማማል ወይ? የሚጠራጠሩት ባለሙያዎች ወፍራም እጀታ መዳፍን ሲያስደስት ጣቶችን ሥራ ያስፈታል፣ ልጁ ወደ ጣት አያያዝ የሚሻገርበትን ጊዜ ያዘገያል ይላሉ። የሚደግፉት ደግሞ ገንፎው አፍ ከደረሰ ልጁ ደጋግሞ ይሞክራል፣ የሚያሻግረውም ድግግሞሹ ነው ብለው ይመልሳሉ። ለጤነኛ ልጅ ሁለተኛው መከራከሪያ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ ማንም ልጅ በአንድ ማንኪያ ብቻ አያድግም። ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ ግን መልሱ ከአንድ አጠቃላይ ምክር አይገኝም፤ አንጓውን፣ ክርኑንና አቀማመጡን አብሮ የሚያይ ባለሙያ ይፈልጋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሥልጠና መክፈቱ በዚህ ረገድ ትልቅ ነገር ነው። የልጅን ማንኪያ አስተካክሎ መስጠት የዚህ ሙያ የዕለት ሥራ ነው።

ቀንድ፣ ብረት፣ ፕላስቲክ

ቅርጹ ላይ ብዙዎቹ ይስማማሉ፤ ከምን ይሠራ በሚለው ላይ ግን አይስማሙም። ቄራ እዚህ ላይ ይመጣል። ለሰፈሩ ስሙን የሰጠው፣ በ1949 ዓ.ም. የተመሠረተው የቄራዎች ድርጅት ከሥጋው ጎን ለጎን ቆዳ፣ አጥንትና ቀንድ ያወጣል። ቀንድ በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ዋንጫ፣ ማበጠሪያና ማንኪያ ሆኖ የሚታይ የእጅ ሥራ ጥሬ ዕቃ ነው። የልጅ መመገቢያ ሆኖ ግን ከገበታ ወጥቷል።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቀንዱ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ወይም ተቀቅሎ በውስጡ ያለው አጥንት ይወጣል። የሚቀረው ከጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ከሆነው ኬራቲን የተሠራ ቅርፊት ነው፤ ግርጌው ስስና ክፍት፣ ጫፉ ድፍን። ስሱ ክፍል ተሰንጥቆ እሳት ሲነካው ይለሰልሳል፤ በእንጨት ቅርጽ ተጭኖ ሲቀዘቅዝ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ሞረድ፣ ከዚያ ማለስለሻ። ለልጅ ማንኪያ የሚያጓጓው ድፍኑ ጫፍ ነው፦ ወፍራምና ሞላላ እጀታ ሳይጨመርበት ከተፈጥሮው ይወጣል፤ የቀንዱ መታጠፍም ጎበጥ ያለ እጀታ ይሰጣል። ሙቀት ስለማያስተላልፍ ትኩስ ገንፎ ውስጥ ቢቆይም ከንፈር አያቃጥልም። ስኮትላንድም ውስጥ የቀንድ ማንኪያ የገበሬ ቤት የዘወትር ዕቃ ሆኖ ለዘመናት ያገለገለው በዚሁ ጠባዩ ነው።

ድክመቱም ከዚያው ጠባይ ይመነጫል። በሙቀት የለሰለሰ ነገር በሙቀት ይጣመማል። ደጋግሞ ሲቀቀል ወይም ውኃ ውስጥ ሲያድር ንብርብሩ ይላቀቃል፤ ስንጥቁም ምግብ ይቋጥራል። የልጅን ዕቃ በፈላ ውኃ አጽዱ ከሚለው ምክር ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። የቀንድ ወዳጆች ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ወዲያው ማጠብ ይበቃል ይላሉ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት «ወዲያው» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። በእኔ ግምት ቀንድ ለአንድ ቤት፣ ለአንድ ልጅ ያምራል፤ ለመቶ ልጅ አይሆንም።

አይዝጌ ብረት በንጽሕና ተወዳዳሪ የለውም፤ ይቀቀላል፣ አይሰነጠቅም። ችግሩ ይሞቃል፣ ቀጭን ሆኖ ሲታተምም እጀታው ስለት ይሆናል። ከቁርጥራጭ ብረት የሚቀለጥ አሉሚኒየም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በካሜሩን የአሉሚኒየም ድስቶች ላይ የወጣ ጥናት እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ወደ ምግብ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል። የአሮጌ ዕቃ ገበያው ምናለሽ ተራ የሚያቀልጠው ከምን እንደሆነ ገዢው ሊያውቅ አይችልም፤ ልጅ ደግሞ ማንኪያን ያኝካል።

ፕላስቲኩ ቀላል፣ ባለ ቀለምና ለድድ ለስላሳ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ኬሚካል ከጡጦ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2021 ደግሞ «ተፈጥሯዊ» ተብለው የሚሸጡ፣ የቀርከሃ ዱቄት የተቀላቀለባቸው የሜላሚን ዕቃዎች ከገበያ እንዲነሱ ዘመቻ ተከፈተ፤ ቀርከሃው ፕላስቲኩን ደካማ አድርጎ ፎርማልዴሃይድ ወደ ትኩስ ምግብ እንዲወጣ ያግዝ ነበር። ቅጠል የተሳለበት ማሸጊያ ያየ ወላጅ ይህን ቢያስታውስ ይጠቀማል። ኢኤን 14372 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የልጅ ማንኪያና ሹካን በስለት፣ በሚገነጠሉ ትንንሽ ክፍሎችና በኬሚካል ይፈትናል። ከደኅንነት ሳይወጣ የማይመች ማንኪያ መሥራት ይቻላል፤ መስፈርቱ ምቾትን አይለካም።

ምግቡ ሲቀድም

ከውጭ የሚመጡት የልጅ ማንኪያዎች ብዙዎቹ አፋቸው ጠለቅ ያለ ነው፤ ለእርጎና ለተፈጨ ፍራፍሬ ይስማማሉ። ገንፎ ግን ይጣበቃል። ጥልቅ አፍ ውስጥ የገባ ገንፎ በልጅ የላይኛው ከንፈር ተጠርጎ አይወጣም፤ ግማሹ ተመልሶ ይመጣል። ለገንፎ ዝርግ ሊባል የተቃረበ አፍ ይሻላል። ቂንጬ በተቃራኒው ፍሬው ስለሚንሸራተት ጠርዝ ይፈልጋል። ሽሮ እንደ ቅጥነቱ ነው። አንድ ማንኪያ ለሁሉም እንዲሆን መጠበቅ ከባድ ነው፤ ከአንዱ መጀመር ካስፈለገ ግን ልጁ ብዙ ጊዜ ከሚበላው መጀመር ይሻላል።

በዚህ መስመር የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕንዷ ቢሃር የሞከሩት ሐሳብ ይጠቀሳል። ሳህኑ ላይ በዕድሜ መጠኑን የሚያሳዩ መስመሮች፣ ማንኪያው ላይ ደግሞ ቀዳዳዎች አደረጉ፤ ገንፎው በቀዳዳው ከፈሰሰ ቀጥኗል ማለት ነው። ማንኪያው መመገቢያም መካሪም ሆነ። ይህ ግን የእናት ማንኪያ ነው። ለልጁ እጅ ቀዳዳ ያለው ማንኪያ መስጠት ሌላ መፍሰሻ መክፈት ይሆናል፤ መጀመሪያ ላይ የተለዩት ሦስቱ ማንኪያዎች እዚህ ላይ እንደገና ይለያያሉ።

ጥያቄው ከቤት ወጥቶ የመንግሥት የሆነው በትምህርት ቤት ምገባ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ይመግባል፤ ከእነርሱ ውስጥ የቅድመ መደበኛ ልጆችም አሉበት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የቅድመ መደበኛ ማዕቀፍ «ኦ ክፍል»ን በመንግሥት ግቢዎች ውስጥ ካስገባ ወዲህ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ከ14 ዓመት ልጅ ጋር በአንድ ግቢ ይውላል። እንጀራ በወጥ ሲቀርብ ችግር የለም፤ እጅ ይሠራል፣ የሚፈለገው ሳሙናና ውኃ ነው። ሩዝ ወይም መኮሮኒ ሲቀርብ ግን ማንኪያው መጠን ያስፈልገዋል። ለትልልቆቹ የተገዛ የሾርባ ማንኪያ ለትንሹ አፍ ሰፊ፣ ለእጁ ከባድ ነው፤ ልጁ ወደ እጀታው መሐል ወርዶ ይይዘዋል፣ አንገቱ ላይ ሊደርስ ምንም አይቀረውም።

ሁለት ዓይነት መጠን መግዛት ማለት ለገዢው ሁለት ጨረታ፣ ለአጣቢዋ ሁለት መደርደሪያ፣ ለቆጣሪው ሁለት ዝርዝር ነው። የሚቃወሙት ሰዎች ይህን አስልተው ነው። በሌላ ወገን ያሉት የሻይ ማንኪያ ከማንኛውም ሱቅ በደርዘን እንደሚገኝ ያስታውሳሉ፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ጣት ቀጭኑ እጀታው እንደ ሕፃንነቱ አያስቸግርም፣ አፉም ልክ ነው። በአንድ ሳህን ሩዝ ላይ ግን ጉርሻው በጣም ያንሳል፤ የምሳ ሰዓት አጭር፣ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። በመካከል ያለው መጠን፣ ማለትም ከሻይ ማንኪያ ሰፋ፣ ከሾርባ ማንኪያ ጠበብ ብሎ እጀታው ያጠረ አይዝጌ ብረት፣ ሌላ አገር «የሕፃናት» ተብሎ ይሸጣል። ለዚህ ከተማ ምገባ በጅምላ ይታዘዝ ቢባል ርዝመቱን ለመወሰን የልጆቹን መዳፍ መለካት የመጀመሪያው ሥራ ይሆናል፤ ልኬቱም ከቂርቆስ አንድ የትምህርት ቤት ግቢ፣ ከኦ ክፍል ተራ መጀመር ይችላል።